ለቤት ምግብ ማብሰያ የሚሆን ዲጂታል ታይመር፦ ሲገዛና ሲሠራበት ምን ይታያል?

የጎተራዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ለወጥ ቤቴ ዲጂታል ታይመር ልገዛ አስቤ ገበያ ላይ ያሉትን ስመለከት ልዩነታቸው ግራ ስላጋባኝ ምክራችሁን እጠይቃለሁ። በቤታችን በተለይ በጾም ወራት በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት ድስት ይጣዳል፤ ምስሩ በአንዱ፣ ሽሮው በሌላው፣ ጎመኑ በሦስተኛው ምድጃ ላይ ሆኖ ዳቦ ደግሞ ኦቨን ውስጥ ይገባል። እስካሁን ሰዓት የምይዘው በስልኬ ነበር። ነገር ግን እጄ በርበሬና ዘይት ነክቶት ሳለ ስልክ መንካት አይመቸኝም፤ ልጆቼም ስልኩን ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ሲሄዱ ማንቂያው አብሯቸው ይሄዳል። የኦቨኑ ታይመር ደግሞ መብራት ብልጭ ብሎ በጠፋ ቁጥር ቆጠራውን ያጠፋዋል።

ውድ የሆነው ታይመር ከርካሹ ይልቅ ጊዜን በትክክል ይቆጥራል? አንድ ቆጠራ ብቻ ያለው ይሻላል ወይስ ብዙ የሚይዘው? አብረውን የሚኖሩት አማቴ ዕድሜያቸው ስለገፋ ቀጭን ድምፅ በደንብ አይሰሙም፤ እርሳቸውም ሊጠቀሙበት የሚችሉት ዓይነት ቢሆን ደስ ይለኛል። ከዚህም ሌላ፣ ከውጭ አገር የምግብ አሠራር መመሪያዎች የምወስደው ደቂቃ እዚህ ስሠራው ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ፣ ታይመሩን በምን መሠረት ልሙላው?

ሰዓት ጠጋኝ

እህቴ፣ የትክክለኛነቱ ጥያቄ ብዙ ገዢዎችን ያለ ጥቅም ገንዘብ የሚያስወጣ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ዲጂታል ታይመር ርካሹም ሆነ ውዱ ጊዜን የሚቆጥረው በእጅ ሰዓት ውስጥ እንዳለችው ባለች ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታሏ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ በዚህ አሠራር የሚመጣው ስሕተት በቀን ከጥቂት ሰከንዶች ስለማያልፍ ለአንድ ሰዓት ማብሰያ ሲሰላ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ስለዚህ «ይህኛው ይበልጥ ትክክል ነው» ተብለው ተጨማሪ ዋጋ ቢጠየቁ አይክፈሉ። እየተጠመዘዘ የሚሞላው ባለ ስፕሪንጉ ታይመር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በተለይ ለአጭር ጊዜ ሲሞላ በግልጽ ሊሳሳት ይችላል።

ገንዘብዎ መዋል ያለበት በድምፁ ላይ ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ አስቀድሞ የሚደክመው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታው ነው። ለአማትዎ ድምፁ የሚጨመርና የሚቀነስ፣ ሰዓቱ ሲሞላም መብራት የሚያብለጨልጭ ዓይነት ይፈልጉላቸው። በአንገት የሚንጠለጠልና የሚንቀጠቀጥ ዓይነትም ስላለ እርሱን ካገኙ ከሁሉ የተሻለ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ቁጥር ብቻ አይመኑ። ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ከታይመሩ ያለዎት ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ የተዘጋ በር ካለ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ሱቁ ውስጥ ባትሪ አስገብተው ለ10 ሰከንድ ይሙሉትና ወደ ውጭ ወጥተው ያዳምጡት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደልዎ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

በዚያው ሙከራ ጩኸቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ይመልከቱ። አንዳንዱ አንድ ደቂቃ ያህል ጮሆ ራሱን ዝም ያሰኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቁልፉ እስኪነካ ይጮኻል። እኔ በጣም የምወደው ዜሮ ከደረሰ በኋላ ወደ ላይ መቁጠር የሚቀጥለውን ነው፤ ምክንያቱም ደጅ ቆይተው ሲመለሱ ምግቡ ከታሰበው ጊዜ በላይ ስንት ደቂቃ እሳት ላይ እንደቆየ ይነግርዎታል።

የቆጠራውን ብዛት በተመለከተ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ አራት መቁጠሪያ ያለውን ከመግዛት ይልቅ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ባለ አንድ ቆጠራ ታይመሮችን መግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ባለ አራቱ ላይ ቁጥሮቹ ያንሳሉ፤ ሲጮኽም የትኛው ድስት እንደሆነ ለማወቅ ቀርቦ ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለት ከሆኑ ግን አንዱን ለኦቨኑ ብቻ መድበው ሌላውን ወደ ሳሎን ይዘውት መሄድ ይችላሉ። የሚቆጥረው ርዝመትም ይታይ፤ ብዙዎቹ የሚደርሱት እስከ 99 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ለምስርና ለዳቦ ይበቃል፤ ለዶሮ ወጥ ወይም ሊጥ ኩፍ እስኪል ለመጠበቅ ግን ሰዓታትንም የሚቆጥረው ያስፈልጋል።

ባትሪው የሪሞት ድንጋይ የምንለው ቀጭኑ ትሪፕል ኤ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በየሰፈሩ ሱቅ ይገኛልና። ጩኸቱ መድከም ወይም ቁጥሩ መፍዘዝ ሲጀምር ባትሪው እያለቀ ስለሆነ ሳይቆዩ ይቀይሩት፤ ለወራት የማይሠሩበት ከሆነም አውጥተው ያስቀምጡት፤ ያረጀ ድንጋይ ፈሳሹን አፍስሶ ከውስጥ ያሉትን ብረቶች ይበላቸዋል። ታይመሩን ፍሪጅ ላይ የሚለጥፈውን ማግኔት በተመለከተ፣ የፍሪጅ በር ሁሉ አይዘውም፤ ፊታቸው በአንዳንድ የማይዝግ ብረት ዓይነት የተሠራ፣ እንዲሁም ባለ መስታወት የሆኑት አይስቡትም። ከምድጃው አጠገብም አይለጥፉት፤ ማሳያው ብዙ ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል፣ እንፋሎቱም በቁልፎቹ ሥር ይገባል።

የደብረ ብርሃኗ

ሰዓት ጠጋኝ ስለ ዕቃው የጻፉት በቂ ስለሆነ እኔ ስለ አጠቃቀሙ ልጨምር። የውጭው መመሪያ ደቂቃ የማይበቃዎት በእርስዎ ጥፋት ሳይሆን በአገሩ ከፍታ ምክንያት ነው። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለምንገኝ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልናል። እሳቱን ቢያበዙት ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል፣ ቶሎም ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አይጨምርም፤ ስለዚህ በውሃ የሚበስል ነገር ሁሉ እዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እንቁላሉም፣ ምስሩም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ የምትኖር እህቴ የምትነግረኝ ደቂቃ እኔ ቤት የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

የግፊት ድስት ቢጠቀሙም ልዩነቱ ፈጽሞ አይጠፋም። ከውጭው አየር በላይ 1 ባር ግፊት የሚጨምረው ዓይነት ድስት በባሕር ጠረፍ ውስጡ ወደ 120 ዲግሪ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 116 ገደማ ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ታይመሩ የሚነሳው ድስቱ በተጣደበት ሰዓት ሳይሆን ግፊቱ ሞልቶ እንፋሎቱ በቫልቩ መተንፈስ ሲጀምር መሆኑን ነው። በተራ ድስትም ውሃው ሲፈላ ማስነሳት ይገባል፤ ምድጃው ድስቱን ለማፍላት የሚፈጅበት ጊዜ እንደ መብራቱ ኃይል ከቀን ቀን ስለሚለያይ፣ ከመጣድ ጀምሮ የሚቆጠር ደቂቃ ለነገ አይጠቅምም።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩትን ምግብ ወደ ታች ሳይሆን ከዜሮ ወደ ላይ በመቁጠር ይጀምሩ። ሲፈላ ያስነሱት፣ ሲበስል ያቁሙት፣ ያገኙትንም ደቂቃ ከእህሉ ዓይነትና ከመጠኑ ጋር በደብተር ይጻፉት። እንዲህ የተሰበሰበ ደቂቃ በእርስዎ ምድጃ፣ በእርስዎ ድስትና በእርስዎ ከፍታ የተገኘ ስለሆነ ከየትኛውም መመሪያ የበለጠ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ግን ታይመሩን በሙሉው ደቂቃ አይሙሉት፤ ትንሽ ቀድሞ እንዲጠራዎት ያድርጉት። ለድፎ ዳቦ እኔ 10 ደቂቃ አስቀድሜ ነው የምሞላው፤ ምክንያቱም ታይመሩ ሄደው እንዲያዩ ያስታውስዎታል እንጂ መብሰሉን የሚያየው እርሱ አይደለም።

ለሽንኩርት ቁሌት ደግሞ አጠቃቀሙ ሌላ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ በዝግታ እሳት ለረጅም ጊዜ ሲቁላላ መቼ እንደሚበቃው የሚነግሩን ቀለሙና ሽታው ናቸው፤ እንዳያር የሚጠብቀው ግን ቶሎ ቶሎ መማሰሉ ነው። የመጨረሻውን ሰዓት ሳይሆን የመማሰያውን ልዩነት፣ ለምሳሌ አምስት ደቂቃ፣ ይሙሉና አንድ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ያንኑ ቆጠራ የሚደግመውን ይጠቀሙ። የተነጠረ ቅቤም እንዲሁ ነው። እንጀራ ላይ ግን ታይመር አልመክርም፤ ዓይን ሲያወጣ መክደን፣ ጠርዙ ሲነሳ ማውጣት ነው። ገና ለምትለማመድ ልጅ ግን ምጣዱ በየመካከሉ ተመልሶ እስኪግል እንድትታገሥ ይረዳታል።

የጎተራዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ላይ መቁጠር ለምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ ዳቦው ኦቨን ውስጥ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ባለ ባትሪው ታይመር መቁጠሩን ስለሚቀጥል ምን ላድርግ? ደግሞም ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት የሚያሳስብ ነገር አለ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የልጁን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከምንም በላይ የሚያሳስበው በብዙ ቀጫጭን ታይመሮች ውስጥ የሚገኘው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ነው። ሲአር2032 የሚባለው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ትንሽ ልጅ ቢውጠው ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ይችላል፤ እርጥበት ባለበት ሥጋ ላይ ሲቀመጥም ኤሌክትሪኩ የሚፈጥረው ኬሚካል በ2 ሰዓት ውስጥ ብቻ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። ባትሪው አልቆ ታይመሩን ማስነሳት ያቃተው እንኳ ቢሆን ይህን ለማድረስ የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ባለ ባትሪ የሚሠሩ የቤት ዕቃዎች የባትሪ ክዳናቸው በልጅ እጅ እንዳይከፈት የሚያስገድድ ሕግ በ2022 ወጥቷል፤ ለዘመድ ታይመር የምንልክ ሰዎችም ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መሆኑን አይተን ብንልክ መልካም ነው።

ልጅ ውጧል ብለው ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፣ እንዲያስታውከውም አያድርጉ፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሰዓት ጠጋኝ የመከሩት ትሪፕል ኤ ባትሪም ከልጅ እጅ መራቅ አለበት፤ ሆኖም በመጠኑ ትልቅነት በቀላሉ ስለማይዋጥ ልጅ ላለበት ቤት የምመርጠው እርሱን ነው። የፍሪጅ ማግኔቱንም ልጁ በማይደርስበት ከፍታ ይለጥፉት።

የደብረ ብርሃኗ

መብራት ሲጠፋ ታይመሩን ወዲያው ያቁሙት፣ የኦቨኑንም በር አይክፈቱ። ዳቦው ኦቨኑ በያዘው ሙቀት መብሰሉን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ቆጠራውን ካቆመበት ያስቀጥሉ፤ ቀድመው የሞሉት 10 ደቂቃ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሲጮኽ ሄደው መሐሉን በቀጭን እንጨት ወግተው ይዩት። ኦቨኑ እስኪቀዘቅዝ ከቆየ ግን የቀረው ደቂቃ ትርጉም የለውም፤ ኦቨኑ እንደገና እስኪግል ታይመሩን አያስነሱት፣ ከዚያም በየአምስት ደቂቃው እየሞሉ ይመልከቱት። ዳቦው ገና እንደገባ፣ ቅርፊት ሳይዝ መብራት ከሄደና ቤት ውስጥ ከሰል ካለ፣ እኔ ሳልውል ሳላድር በድስት አድርጌ ከላይና ከታች እሳት እሰጠዋለሁ፤ ይህን ግን ከሰል ጭሱና ጋዙ አደገኛ ስለሆነ ደጅ ነው የማደርገው።