«የውቅያኖስ ሞገድ» ወይስ «የውቅያኖስ ጅረት»?

ጠያቂ፦ ለተማሪዎች በማዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ «የፀሐይ ሙቀት ነፋስንና የውቅያኖስ ሞገድን ይነዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በሶማሊያ ጠረፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ተመልሶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚፈሰውን የባሕር ውኃ «ሞገድ» ማለት ይገባል? «ይነዳል» የሚለውስ ለሙቀት ይስማማል?

አንደኛ መልስ፦ «ሞገድ» አይሆንም። ሞገድ ሲያልፍ ውኃው ባለበት ይዞራል እንጂ አብሮ አይጓዝም፤ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው። በሶማሊያ ጠረፍ ግን የሚሄደው ውኃው ራሱ ነው፤ በክረምት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ግእዙ የሚፈስ ውኃን «ውሒዝ» ብሎ ሰጥቶናልና ሌላ ፍለጋ አያሻም።

ሁለተኛ መልስ፦ መምህር፣ በዚህ አልስማማም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቤቱን የሚገፉት «ወሓይዝት» (የ«ውሒዝ» ብዙ ቁጥር) ዝናም ያመጣቸው ጎርፎች ናቸው፤ ቃሉን ያለ ዝናም ለሚፈስ የባሕር ውኃ ማዋል ምሥጢሩን ያጠፋዋል። «ጅረት» ይሻላል።

ሦስተኛ መልስ፦ «ጅረት»ም ቢሆን ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ይህን ውኃ በዋናነት የሚያስኬደው ግን ነፋስ ነው። በእኛ የክረምት ወራት የእስያ ምድር ከባሕሩ ፈጥኖ ይግላል፤ በላዩ ያለው አየር ሞቆ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከደቡባዊው የሕንድ ውቅያኖስ አየር ይሳባል፤ ይህም አየር የምድር ወገብን ሲሻገር በምድር መሽከርከር ምክንያት ወደ ቀኙ ይታጠፋል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎችም ስለሚያግዱት ጠረፉን ተከትሎ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። በታኅሣሥ ምድሩ ከባሕሩ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። ደቡብ ምዕራብን መጻሕፍቶቻችን «ሊባ» ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪኩ «ሊፕስ» የመጣ ሲሆን እርሱም የዚያው ማዕዘን ነፋስ ስም ነበር። ስለዚህ ውኃውን «የሊባ ውሒዝ» ብንለው ስሙ ከምክንያቱ ጋር ይገናኛል።

ሁለተኛ መልስ፦ የ«ሊባ»ን የቃል ሥር እቀበላለሁ። ሆኖም ነፋስ የሚጠራው በመጣበት አቅጣጫ ሲሆን የባሕር ፍሰት ግን በሚሄድበት ነው። «የሊባ ውሒዝ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ውኃው በክረምት ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ ይመስለዋል፤ የሚሄደው ግን ወደ መስዕ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው።

ሦስተኛ መልስ፦ እውነት ነው፤ ይሁንና ውኃው የነፋሱን መንገድ በትክክል አይከተልም። የላይኛው ውኃ ከነፋሱ ወደ ቀኝ እያደላ ከጠረፉ ሲርቅ በምትኩ ቀዝቃዛው ውኃ ከጥልቁ ይወጣል፤ በሶማሊያ ጠረፍ ባለው በራስ ሀፉን አካባቢ ባሕሩ ከጥር ይልቅ በሐምሌ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ይህን ከታች የሚወጣ ውኃ «ውሒዝ»ም «ጅረት»ም አይገልጸውም። «ነቅዕ»፣ ማለትም ምንጭ፣ ብንለው መምህር ምን ይላሉ?