ማዕበል የሚያግድ የባሕር በር ይሠራ ወይስ ይቅር? ክርክሩ ይኸው

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። አውሎ ነፋስ ባሕሩን ገፍቶ ከተማ ውስጥ እንዳያስገባው መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ አውጥቶ የባሕር በር ይሥራ? ወይስ ገንዘቡ ሌላ ነገር ላይ ይዋል? መነሻችን ኒውዮርክ ናት። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ካጥለቀለቃት በኋላ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ለከተማዋና ለጎረቤቷ ኒውጀርሲ አንድ ረቂቅ ዕቅድ በ2022 አወጡ። 12 የሚከፈቱ የሚዘጉ በሮች፣ ከዚያ በየዳርቻው ግንብ፣ በጠቅላላው 52.6 ቢሊዮን ዶላር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ ኋላ እንዳንጣላ።)

ቆፍጣናው፦ ይሠራ! ይሄ ምን ያከራክራል? ሆላንድን እዩ። በ1953 ጃንዋሪ 31 ለሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ባሕሩ ግድቡን ሰብሮ ገባ፣ 1,836 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሲጨቃጨቁ አልከረሙም፣ ሠሩ። ሮተርዳም መግቢያ ላይ ያለው በር እያንዳንዱ ክንፉ 210 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 22 ሜትር። ለንደንም ቴምዝ ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በር አላት። እኛ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገራችን።

ሒሳብ ሹም፦ ወንድሜ፣ "አልተጨቃጨቁም" ያልከው ላይ ልያዝህ። ኧረ ተጨቃጭቀዋል! ምሥራቅ ስኬልት የሚባለውን የባሕር መግቢያ መጀመሪያ ያሰቡት ድፍን አድርገው ሊገድቡት ነበር። ዓሣ አስጋሪዎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች "ውሃው መግባት መውጣቱ ከቆመ የባሕሩ ሕይወት አበቃለት" ብለው ጮኹ። በ1970ዎቹ ዕቅዱ ተቀየረ። 62 የብረት በሮች ያሉት፣ ሁሌ ክፍት የሆነ፣ ማዕበል ሲመጣ ብቻ የሚወርድ ሆነ። በ1986 ተመረቀ። ዋጋው ናረ፣ እውነት ነው። ግን ያ ሁሉ ጩኸት ባይኖር ዛሬ እዚያ ያለው የረጋ ውሃ ነበር።

ጸሐይ፦ የኔ ጥያቄ ከናንተ ይለያል። ሰው ማዳን ነው የፈለጋችሁት ወይስ ሕንጻ? ባንግላዴሽ በ1970ው ሳይክሎን (የባሕር አውሎ ነፋስ) ቢያንስ 300,000 ሰው ሞተባት። በ1991 ደግሞ 138,000 ያህል። በ2007 ሲድር የሚባል ኃይለኛ ሳይክሎን መታት፣ የሞተው 3,400 አካባቢ ነው። ይሄ ቀላል አይደለም፣ ግን ልዩነቱን እዩት። የብረት በር ሠርታ አይደለም። ድምፅ ማጉያ የያዘ በጎ ፈቃደኛ ቤት ለቤት ላከች፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ከፍ ብሎ የተሠራ የሲሚንቶ መጠለያ ሠራች። በቃ።

ቆፍጣናው፦ ጸሐይ፣ እህቴ፣ መጠለያው ሰዉን ያድናል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለስ ግን ቤቱ የለም፣ ማሳው ጨው ሆኗል። ደግሞ ባንግላዴሽም ዳርቻዋ ላይ የአፈር ግድብ አላት እኮ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ።

ጸሐይ፦ አላት። ያንን ካነሳህ ደግሞ መጨረሻውን ንገረን እንጂ። ግድቡ ጎርፉን ሲያስቀር ጎርፉ ይዞት የሚመጣውን ደለልም አስቀረ። ከግድቡ ውጭ ያለው መሬት በደለል ከፍ እያለ ሲሄድ ውስጡ ያለው ዝቅ ብሎ ቀረ። አሁን ዝናብ ሲዘንብ ውሃው መውጫ ያጣል።

ቢኤም፦ እኔም በዚሁ ልግባ። ኒውዮርክ በ2021 አይዳ በተባለው አውሎ ነፋስ ርዝራዥ 13 ሰው ሞተባት። አብዛኞቹ ምድር ቤት ውስጥ ነው የሰጠሙት። ያ ውሃ ከባሕር አልመጣም፣ ከሰማይ ነው የወረደው! 12ቱም በር ቢዘጋ አንዳቸውንም አያድንም። ሌላው ነገር፣ በሩ የመለሰው ውሃ የት ይሄዳል? ከበሩ ውጭ ያሉት ሰፈሮች ላይ ሊብስ ይችላል። "ከውስጥ ነህ ከውጭ?" የሚል ካርታ ፊት ተቀምጠህ ሰፈርህን ስትፈልግ አስበው እስቲ።

ሒሳብ ሹም፦ እዚህ ላይ ከቢኤም ጋር ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ግንብ ሲሠራ ሰው ይዘናጋል። ከጀርባው ቤት ይሠራል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ከዚያ ግንቡን ከፍ አድርጉልን ይባላል። የአሜሪካዋ ከተማ ኒው ኦርሊንስ በ2005 ግንብ አልነበራትም? ነበራት። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ አንዳንዱ ግንብ ውሃው ጫፉ ላይ እንኳን ሳይደርስ ነው የተናደው፣ ዲዛይኑ ራሱ ችግር ነበረበት።

የባሕር ሰው፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። መርከብ ላይ ነው የምሠራው። ሁላችሁም ስለ በሩ ታወራላችሁ፣ ስለሚዘጋው ሰው ግን ማንም አላነሳም። የማዕበል ውሃ ልክ ቀድሞ በትክክል አይታወቅም። የአየር ግፊት አንድ ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ ባሕሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳል፣ ዋናው ግን ንፋሱ ነው፣ እሱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ አቅጣጫ ይቀይራል። የጣሊያኗን ቬኒስን አስታውሱ። 78 በሮች፣ ግንባታው በ2003 ተጀምሮ፣ መሃል ላይ የሙስና ቅሌት ገብቶበት፣ በኦክቶበር 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማዋን አዳነ። ሰዉ በደስታ አበደ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ዲሴምበር 8፣ ትንበያው በሩ ያኔ ይነሳበት ከነበረው ከ130 ሴንቲ ሜትር በታች ነው ብሎ ስለነበር በሩ ሳይነሳ ቀረ። ውሃው 138 ደረሰ። ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ፣ በሩ ባሕሩ ወለል ላይ ተኝቷል። እና የሚያዘው ሰው ሞኝ አይደለም። በዘጋ ቁጥር ወጪ አለ፣ ውጭ መልሕቅ ጥሎ የሚጠብቅ መርከብ አለ። እኛ እንደዚያ ቆመን ስንጠብቅ ካፒቴናችን ስልኩን ከጆሮው አያወርድም ነበር፣ በሰዓት ስንት እንደምንከስር እየተነገረው።

ቆፍጣናው፦ ታዲያ ለኮምፒዩተር ይሰጣ! የሮተርዳሙ በዲሴምበር 2023 ማንም ሳይነካው ውሃው ከፍ ማለቱን አይቶ ራሱ ተዘጋ።

የባሕር ሰው፦ ተዘጋ፣ አልካድኩም። በየዓመቱ ዘግተው ስለሚሞክሩትም ነው። ያንን ለሃምሳ ዓመት ያለማቋረጥ የሚያደርግ መንግሥት የትኛው እንደሆነ ንገረኝ።

ሒሳብ ሹም፦ አሁን ወደኔ ቤት መጣችሁ። በአሜሪካኖቹ አሠራር ግንባታውን 65 በመቶ የሚከፍለው ፌዴራል መንግሥቱ ነው። ከተመረቀ በኋላ ግን ጥገናው፣ ቅባቱ፣ ዝገቱ፣ መክፈት መዝጋቱ ሙሉ በሙሉ በአካባቢው መንግሥት ላይ ይወድቃል። ሪባን የሚቆርጠውና የጥገናውን ሂሳብ የሚከፍለው አንድ ሰው አይደለም። ቆፍጣናው፣ እስቲ ይቺን መልስልኝ።

ቆፍጣናው፦ ይቺን አላየኋትም ነበር። ላንብብና እመለሳለሁ። በሩ ግን ይሠራ።