ሃሪኬን ሲመጣ ሠራዊቱ መቼ ነው የሚደርሰው? ፌማስ?

የሂውስተን ኮሚቴ፦
ሰላም ወገኖች። የማኅበራችን የአደጋ ጊዜ ኮሚቴ ለሃሪኬን ወቅት ዕቅድ እያወጣ ነው። ስብሰባው ላይ ገሚሱ «ሠራዊት ያለው መንግሥት ነው፣ በማግስቱ ይደርሱልናል» ሲል፣ ገሚሱ የ2005ቱን የኒው ኦርሊንስ ሃሪኬን ካትሪናንና የ2017ቱን የፖርቶ ሪኮ ሃሪኬን ማሪያን እየጠቀሰ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው» ይላል። ነገሩን የምታውቁ ንገሩን፦ ወታደሩን የሚያዘው ማን ነው? ማዕበሉ ከመግባቱ በፊት ምን ይዘጋጃል? ውሃና ምግብ በምን መጠን ይመጣል? ግቢያችንን ለማከፋፈያ፣ አዳራሻችንን ለመጠለያ ብንሰጥስ መንግሥት ጄኔሬተር ያመጣልናል?

ስንቅና ትጥቅ፦
ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቀድሞ የሚደርሰው የግዛቱ ናሽናል ጋርድ (የግዛቱ ተጠባባቂ ሠራዊት፣ ባጭሩ ጋርድ) ነው፤ የሚያዘውም ገዥው ነው። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ቴክሳስ የገባው ኦገስት 25 ሲሆን፣ ገዥው መላውን የቴክሳስ ጋርድ፣ 12,000 ገደማ ሰው፣ የጠራው ኦገስት 28 ነው። የራሱ ካልበቃው ኢማክ በሚባለውና ኮንግረስ በ1996 ባጸደቀው የግዛቶች ስምምነት ከጎረቤት ግዛት ጋርድ ይጠይቃል።

መደበኛው ሠራዊት ግን ፌማ (የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ሥራ ቆጥሮ ሲሰጠው ነው የሚንቀሳቀሰው። ካውንቲው ግዛቱን ይጠይቃል፤ ግዛቱ ፌማን፤ ፌማ ደግሞ ፔንታጎን በየክልሉ ቢሮ (አሥር ናቸው) ላስቀመጠው አስተባባሪ መኮንን ያስተላልፋል። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። «አምስት ሄሊኮፕተር ላኩልን» ተብሎ የተጻፈ ጥያቄ ለምን፣ ከየት ወዴት እየተባለ ሲመላለስ ይውላል። «300 ሕሙማን ከዚህ ሆስፒታል ወደዚያ ከተማ፣ እስከ ነገ ጠዋት፣ 40ዎቹ ኦክስጅን ላይ ያሉ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሄሊኮፕተር ይሁን አምቡላንስ የሚመርጠው ባለሙያው ነው። የወጪው ጉዳይም አለ። በመደበኛው ስሌት ፌዴራል መንግሥት ቢያንስ 75 በመቶ ይሸፍናል፣ ቀሪው ግዛቱ ላይ ይወድቃል፤ አንዳንድ ባለሥልጣን እጁ የሚያመነታው በዚህ ነው።

ይህን ሰንሰለት የማይጠብቁ ሁለት አሉ። ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) ነፍስ ለማዳን የማንንም ጥያቄ አይጠብቅም፤ በካትሪና ከ33,000 በላይ ሰው ያወጣው ለዚህ ነው። ሁለተኛው በአቅራቢያ ያለ የጦር ሰፈር አዛዥ ነው፤ የአካባቢው ባለሥልጣን ለምኖት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ከላይ ትእዛዝ ሳይመጣለት መርዳት ይችላል፣ ውሳኔው ግን በ72 ሰዓት ውስጥ እንደገና ይታያል።

ስለ ቅድመ ዝግጅቱ፦ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚቆጠረው የማዕበሉ ዓይን ከሚገባበት ሰዓት አይደለም፣ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ነፋስ የባሕሩን ዳርቻ ከሚነካበት ነው። በዚያ ነፋስ ከባድ መኪና መንገድ ላይ አይወጣም፣ ሄሊኮፕተርም አይነሣም። ስለዚህ ውሃው፣ ምግቡ፣ የነፍስ አድን ቡድኑ ከዚያ በፊት ከማዕበሉ መንገድ ወጣ ብሎ፣ ግን በአንድ ቀን ጉዞ ርቀት ላይ መቆም አለበት። ለእናንተ የሚመጣው ከፎርት ዎርዝ መጋዘን ተነሥቶ ሳን አንቶኒዮ አጠገብ ሴጊን ላይ ሊጠብቅ ይችላል፤ ለፍሎሪዳና ለአላባማ ማክስዌል የአየር ኃይል ሰፈር የተለመደ ማቆያ ነው። ፌማ ገዥው ሳይጠይቀው ዕቃ ማስጠጋት የሚችልበት ሥልጣን በግልጽ የተጻፈለት ከካትሪና በኋላ በወጣው የ2006 ሕግ ነው።

ሠራዊቱ ራሱም ይሸሻል። ሰፈሮቹ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ሊደርስ 72፣ 48፣ 24፣ 12 ሰዓት ሲቀረው ከ4 ወደ 1 የሚወርድ የዝግጁነት ደረጃ አላቸው፤ አውሮፕላኑ ይበራል፣ መርከቡ ባሕር ላይ ይወጣል። ሃሪኬን ማይክል በ2018 ፍሎሪዳ ሲገባ ጥገና ላይ የነበሩ 17 ኤፍ-22 አውሮፕላኖች መብረር አቅቷቸው ቲንዳል ሰፈር ቀርተዋል። ቅርብ ያለ ሰፈር ሁልጊዜ ፈጥኖ ይደርሳል ብላችሁ አታስቡ።

ታዛቢ 05፦
ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን አስፈለገ? ሁሉን ለአንድ ጄኔራል ሰጥቶ መገላገል አይሻልም? ኒው ኦርሊንስ መልክ መያዝ የጀመረችው ጄኔራል ኦኖሬ ሲመጡ አይደለም እንዴ?

ስንቅና ትጥቅ፦
ኦኖሬ በካትሪና ጊዜ መደበኛውን ሠራዊት ነበር የሚያዙት። ከ50,000 በላይ የሆነው ጋርድ በገዥዎቹ ሥር ነበር፤ የሉዊዚያና ገዥ ጋርዱ ወደ ፌዴራል ይዙር ሲባሉ እምቢ አሉ። ምክንያት ነበራቸው። በ1878 ሕግ መሠረት መደበኛው ሠራዊት ሰው ማሰርና መፈተሽ አይችልም፤ ጋርዱ በገዥው ሥር እስካለ ድረስ ግን ይችላል። ወደ ፌዴራል ሲዞር በዚያው ቅጽበት የፖሊስነት ሥራውን ያጣል። መፍትሔው የተገኘው ቆይቶ ነው፦ ሁለት ባርኔጣ ያለው አንድ አዛዥ፣ ለገዥውም ለፕሬዚዳንቱም ተጠሪ። በ2012 ለሃሪኬን ሳንዲ ሥራ ላይ ውሏል።

ፓሌት፦
ወደ ማከፋፈያው ልምጣ። የፌማ ትንሹ የማከፋፈያ ጣቢያ በቀን 5,000 ሰው እንዲያገለግል ይታሰባል፤ መካከለኛው 10,000፣ ትልቁ 20,000። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰዓት 140 መኪና፣ በ12 ሰዓት 1,680፣ በየመኪናው የሦስት ሰው ድርሻ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ገደማ ውሃና ሁለት ጥቅል ምግብ። ለ5,000 ሰው ይህ በቀን አንድ ሙሉ ተሳቢ ውሃና ግማሽ ተሳቢ ምግብ ነው። ሰው ከመኪናው አይወርድም፤ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፍቶ ይጫንለታል። በእግር ለሚመጡ ለብቻው መስመር ይበጅ፣ አለበለዚያ በመኪኖቹ መሐል እየተሹለከለኩ ሰልፉን ያቆሙታል።

ግቢያችሁን ከማቅረባችሁ በፊት መሬቱን እዩ። ተሳቢው 16 ሜትር ነው፣ ከነጭነቱ እስከ 36 ቶን ይመዝናል። ሣር ላይ፣ ያውም ዝናብ በጠገበ አፈር ላይ ከቆመ ይሰምጣል፤ አንዱ ከሰመጠ ከኋላው ያሉት ሁሉ ታሰሩ ማለት ነው። መግቢያና መውጫው የተለያየ መሆን አለበት። አንድ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ሙሉ ውሃ ወደ አንድ ቶን ስለሚጠጋ ፎርክሊፍት የግድ ነው፤ ፎርክሊፍቱ ከነነጂውና ከነነዳጁ ማን እንደሚያመጣው አሁኑኑ ይጻፍ። ውሃው በሰዓቱ ደርሶ የሚያወርደው ጠፍቶ በእጅ እየተወረደ ግማሽ ቀን ሲያልቅ ማየት የተለመደ ነው።

የሃሪኬን ማሪያ ታሪክም በአብዛኛው ይኸው ነው። በ2017 ሃሪኬን ኢርማ ሴፕቴምበር 6 በፖርቶ ሪኮ አጠገብ አለፈች፣ ማሪያ በ20 ገባች፤ የደሴቲቱ መጋዘን ለመጀመሪያዋ ተሟጥጦ ነበር። ዕቃው በመርከብ ሲመጣም ሳን ሁዋን ወደብ ላይ ተከመረ፤ ስልኩ ስለጠፋ ሾፌር መጥራት አልተቻለም፣ ናፍጣ አልነበረም፣ መንገዱ በዛፍና በምሰሶ ተዘግቷል። በመጨረሻ በይፋ የተያዘው የሟቾች ግምት 2,975 ነው፤ አብዛኛው ከማዕበሉ በኋላ በነበሩት ሳምንታትና ወራት የሞተ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሠራዊቱ ጥቅል ምግብ 24 ዓይነት ነው፣ ሥጋ የሌለባቸው አራቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ወተትና አይብ ስለሚገባባቸው ለጾም አይሆኑም። አሳማ ያለባቸውም አሉ። ለጿሚውና ለሙስሊም ወገኖቻችን የራሳችሁን ሽሮና በሶ አስቀምጡ።

ባለ ዲናሞ፦
ጄኔሬተሩን በተመለከተ፦ የሚያመጣው የሠራዊቱ መሐንዲሶች ኮር ነው፣ በፌማ ትእዛዝ። ቅድሚያው ለሆስፒታል፣ ለውሃና ለፍሳሽ ፓምፕ ነው፤ መጠለያም ይገባል፣ ግን ካውንቲው ካወቀውና በስሙ ከጠየቀለት ብቻ። «ጄኔሬተር እንፈልጋለን» ማለት አይበቃም። ስንት ኪሎዋት፣ ቮልቴጁ 208 ነው ወይስ 480፣ ነጠላ ፌዝ ነው ወይስ ሦስት፣ ከቆመበት እስከ ፓኔሉ ስንት ሜትር ኬብል እንደሚፈልግ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሻን አስለክታችሁ አንድ ገጽ ላይ አዘጋጁ። ይህ ያለው ሕንፃ ገምጋሚ ቡድን እስኪመጣ ወረፋ ከሚጠብቀው ቀድሞ መብራት ያገኛል። ከመንገዱ መስመር ወደ ጄኔሬተር መቀያየሪያው ስዊች ከወዲሁ ይገጠም፤ ካልሆነ ኃይሉ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። ስዊቹን ደግሞ ጎርፍ ከሚደርስበት በላይ ስቀሉት።

ችግር የሚመጣው ከየት ነው? ትልቅ ይሻላል ብሎ ማሰብ አንዱ ነው። ናፍጣ ሞተር ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለቀናት ከሠራ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀምና ሞተሩ ይደክማል። ሌላው የፌዝ ቅደም ተከተል ነው፦ ሁለት ገመድ ተዘዋውሮ ከታሰረ ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ውሃ ግን የለም፤ ሰው ቧንቧ ሲፈታታ ይውላል። ነዳጁንም አስሉ፦ 100 ኪሎዋት ጄኔሬተር በሙሉ ጭነት በሰዓት 28 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ በቀን ወደ 670። ዘይትና ፊልተሩ በየ250 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ሌት ተቀን ከሠራ ይህ አሥር ቀን ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ የራሳችሁ ከሆነ መለዋወጫውን ራሳችሁ አዘጋጁ።

ፓሌት፦
ባለ ዲናሞ ካለው ላይ፦ ኦክስጅንና የኩላሊት እጥበት ያላቸውን እናቶችና አባቶች ግን አዳራሹ ላይ ጥላችሁ አትዘጋጁ። 211 ደውላችሁ ስቴር በሚባለው የቴክሳስ መዝገብ አስመዝግቧቸው፤ አስተርጓሚ ይጠየቃል። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያልታደሰ ስም ይወጣል። መመዝገብም መኪና ይመጣል የሚል ዋስትና ስላልሆነ የሚያነሣቸውን ሰው ስምና ተተኪውን እናንተም ዘንድ ጻፉ።