የሊጃት ፓፓድ አሠራር ለባልትና ይሆናል ወይ?

ወለተ ገላን ጠየቀች፦
ሰላም ለሁላችሁ። በገላንና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች የምንኖር 16 ሴቶች በርበሬና ሽሮ በጋራ አዘጋጅተን ለመሸጥ ተስማምተናል። ብዙዎቻችን ትንንሽ ልጆች ስላሉን ቀኑን ሙሉ ከቤት መራቅ አንችልም። የሕንዶቹ ሊጃት ፓፓድ ሴቶች ቤታቸው ሆነው እየሠሩ ትልቅ ድርጅት አቁመዋል ሲባል ሰምተናል። ሥራው በየቀኑ የሚከፋፈለው እንዴት ነው? ክፍያውስ? ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ይህ አሠራር በእርግጥ የሴቶቹን ኑሮ ለውጧል ወይስ እዚያው ጓዳ ነው ያስቀራቸው? ባሎቻችን ሐሳቡን የወደዱት ከቤት ስለማያስወጣን ስለሆነ ነው ይህን የምጠይቀው።

ሚዛን መለሰ፦
እህቴ፣ ፓፓድ ከጥራጥሬ ዱቄት ተዳምጦ የሚደርቅ፣ ሲበላ የሚጠበስ ስስ ቂጣ ነው። በ1959 (ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቦምቤይ፣ ጊርጋውም ሰፈር፣ ሰባት ሴቶች 80 ሩፒ ተበድረው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ጀመሩት። የመጀመሪያው ቀን ምርት አራት ፓኬት ነበር፤ ዛሬ አባላቱ ከ40 ሺህ በላይ ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዷ ጃስዋንቲቤን ፖፓት በ2021 ፓድማ ሽሪ የተባለው የመንግሥት ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። «ቤን» በጉጃራትኛ እህት ማለት ነው፤ አባላቱ እርስ በርስ የሚጠራሩት እንዲህ ነው።

የዕለቱ ሥራ ገና በማለዳ ይጀምራል። ቅርንጫፉ ላይ የተመደቡ ሴቶች ሊጡን ያሻሉ። ሌሎቹ ትናንት ቤታቸው የዳመጡትንና ያደረቁትን ይዘው ይመጣሉ፤ ጥራቱ ይታያል፣ ይመዘናል፣ የእጃቸው ዋጋ ይታሰባል። ከዚያ የዛሬውን ሊጥ ይዘው ይመለሳሉ። ማሸጉ የሌላ ቡድን ነው።

ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ቤት የሚሄደው እጅ የሚፈልገው ሥራ ብቻ ነው። ልኬቱና ቅመሙ ከማዕከል አይወጣም። እናንተ ቅመም ማዋሃዱን ለየቤቱ ከሰጣችሁ 16 ዓይነት በርበሬ ነው የሚወጣላችሁ፤ ደንበኛ ደግሞ በሁለተኛው ግዢ ጣዕሙ ከተለወጠበት አይመለስም።

ስለዚህ ዛላ መቀንጠስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መላጥ፣ አተርና ሽንብራ መልቀም ቤት ይሂድ። ማዋሃድ፣ መቁላት፣ ማስፈጨትና ማሸግ አንድ ቦታ ይሁን። 10 ኪሎ ዛላ የወሰደች ሴት የተቀነጠሰውን ብቻ ሳይሆን ግንጣዩንም፣ የበሰበሰውንም ትመልስ፤ ሁሉም ተደምረው ወደ 10 ኪሎ ካልቀረቡ ያኔውኑ ይነገራት። ትርፍራፊው ካልተመዘነ በሁለተኛው ወር «እገሊት ታጎድላለች» የሚል ሹክሹክታ ይጀምራል፤ ማኅበር የሚፈርሰው በኪሳራ ብቻ አይደለም።

ክፍያው በኪሎ ይሁን፣ ሳይውል ሳያድር ይሰጥ። ትርፍ ሌላ ነው፣ በሌላ መዝገብ ይያዝ፤ ኪሳራም ሲመጣ የሁሉም ነው። ሊጃት መጀመሪያ ላይ ረከስ ያለ ሁለተኛ ደረጃም ያመርት ነበር። ቻጋንላል ፓሬክ የተባሉት አማካሪያቸው አንድ ደረጃ ብቻ ይኑራችሁ፣ ከእሱም አትውረዱ ብለው ሁለተኛውን አስተዉአቸው። እናንተም ለሱቅ የሚሆን «መለስተኛ በርበሬ» አትጀምሩ።

መዝገብ ያዥ መለሰች፦
ወለተ ገላን፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቤት ሆኖ መሥራት ብቻውን ሴትን አይለውጥም፤ የሚለውጠው ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ ነው። የሕንድ የሥራ ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሴቶች በሥራ ገበያው ውስጥ ያሉት በ2017/18 (እ.ኤ.አ.) 23.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2023/24 41.7 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ያስደስታል። ግን አብዛኛው ጭማሪ የገጠር ነው፤ ከመካከላቸው በቤተሰብ እርሻ ወይም ሱቅ ያለ ክፍያ የሚያግዙ ብዙ ናቸው። ሠርታለች፤ ግን እጇ አልገባም።

ወንበርም እንዲሁ ነው። ከ1993 ጀምሮ በሕንድ የመንደር ምክር ቤቶች ከሦስት አንዱ ወንበር ለሴቶች ነው፤ ብዙ ክልሎች ግማሽ አድርሰውታል። በአንዳንድ ቦታ ግን ሴቷ ትመረጥና ስብሰባውን ባሏ ይመራዋል። ለዚህ ስም እንኳ አውጥተውለታል፦ «ሳርፓንች ፓቲ»፣ የሊቀመንበሯ ባል። በሌላ በኩል ብዙ ሴቶች እዚያው ወንበር ላይ ሥራውን ለምደው ራሳቸው መርተዋል።

በሕንዷ አሕመዳባድ ከተማ ውስጥ ኤላ ባት በ1972 ሴዋ የተባለውን የሠራተኛ ሴቶች ማኅበር መሠረቱ። በ1974 ደግሞ 4 ሺህ አባላት እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። ፊርማ የማይችሉት በፎቶግራፋቸው ይለዩ ነበር። ሂሳቡ የእሷ፣ ደብተሩም የእሷ ነበር።

ለእናንተ ሲሆን፦ የማኅበሩ ሂሳብ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ሁለቱ ሳይፈርሙ ገንዘብ አይውጣ። የየአንዳንዷ ክፍያ በራሷ ሂሳብ ይግባ። የባንኩ መልእክት የሚደርሰው በማን ስልክ እንደሆነም እዩ፤ ቁጥሩ የባል ከሆነ ሂሳቡ በስም ብቻ የእሷ ነው።

እቁባችሁን ከዚህ ሥራ ጋር አትቀላቅሉት። እቁብ ዙሩ ሲያልቅ ሳጥኑ ባዶ ነው። የሕንድ የራስ አገዝ ቡድኖች ግን ከ10 እስከ 20 ሆነው ይቆጥባሉ፣ ገንዘቡ ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ለአባል ይበደራል፣ ወለዱም ተመልሶ እዚያው ይገባል። ባንክ ሊያበድራቸው ሲመጣ የሚያየው ሰብሳቢዋ ስታወራ አይደለም፤ የስብሰባ፣ የቁጠባ፣ የብድርና የአመላለስ መዝገቡን ነው። 16 መሆናችሁ ለዚህ ይመቻል።

ወለተ ገላን፦
እናመሰግናለን። ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ምን እናድርግ?

የወፍጮ ጎረቤት መለሰ፦
ሊጃትም በመጀመሪያው ዓመት በዝናብ ምክንያት አራት ወር ቆሞ ነበር። በዓመቱ አልጋ ገዙ፤ ፓፓዱን አልጋው ላይ ዘርግተው ከሥሩ ምድጃ አደረጉ።

ይህ ግን ለዛላ በቀጥታ አይሠራም። ፓፓድ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ዛላ ወፍራም ነው፣ ውስጡ እርጥበት ይይዛል። ከሥሩ ከሰል ብታደርጉ ጭስ ይጠጣል፤ በዝግ ክፍል ደግሞ የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል፣ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። ዛላውን በበጋው ገዝታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አስቀምጡ። ሲያነቃንቁት ፍሬው የሚንኳኳ፣ ሲያጥፉት የሚሰበር ይሁን። እንደ ቆዳ የሚታጠፍ ከሆነ ወይ አልደረቀም ወይ ክብደት እንዲያነሳ ውኃ ተረጭቶበታል። ውስጡ የሻገተውን ጣሉት፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ጆንያውን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሱት፣ በርብራብ እንጨት ላይ አድርጉት፣ ከግድግዳም አርቁት።

አልጋው የሚጠቅማችሁ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የተደለዘውን በርበሬ ለማድረቅ ነው፤ እሱም በስሱ ተዘርግቶ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃና መስኮት ተከፍቶ። ክረምት ላይ ሽሮውን አብዙ። ከእያንዳንዱ ፍጭት አንድ ብርጭቆ በጠርሙስ አስቀሩ፣ ቀንና የፈጨችውን ሴት ስም ጻፉበት። ደንበኛ «ይኼኛው ጨው በዛበት» ሲላችሁ ጠርሙሱን ከፍታችሁ ትቀምሳላችሁ።