ከአደን መልስ የጎረሰ ጠመንጃ እንዴት ባዶ ይደረጋል?

ጥያቄ፦ አዲስ አዳኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ መያዝ ከጀመርኩ ገና ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዞሬ አንድም ሳልተኩስ ተመለስኩ። ጠመንጃው ባሩዱንና በጨርቅ የተጠቀለለውን ድብልብል እርሳስ እንደጎረሰ ነው። ማቀጣጠያ ቆቡን፣ ማለትም መቺው ሲመታው ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ የብረት ቆብ፣ ከመሰኪያው ላይ አንስቻለሁ። እንዲህ እንዳለ ባሳድረው ችግር አለው? ካለው ደግሞ ባሩዱንና እርሳሱን እንዴት ላውጣ? ያለሁበት አካባቢ ሰው ስለሚኖርበት መተኮስ አልችልም። አብሮኝ የወጣው ሰው በዘንግ ጫፍ ላይ በሚታሰር ብሎን እርሳሱን ወግቼ እንድስበው መክሮኛል፤ ባሩድ ከኋላው ተቀምጦ መጎተቱን ግን ልቤ አልወደደውም።

ጫካ ወዳድ

ብዙ አትጨነቅ። ቆቡን ካነሳህ ጠመንጃው ባዶ ነው። ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ ነገ አዲስ ቆብ አድርገህበት ትወጣለህ።

ብረት ሠሪ

በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ቆቡን ማንሳት የሥራው መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ሕጉ ቆቡ የተነሳለትን ጠመንጃ ለማጓጓዝ ያህል እንዳልጎረሰ ይቆጥረዋል፤ ምናልባት አባባሉ የመጣው ከዚያ ይሆናል። ባሩዱ ግን ሕግ አያነብም። ነገ ሌላ ሰው ከግድግዳው አውርዶ፣ ባዶ መስሎት ቆብ ሰክቶ ቃታውን ቢስብ ምን ይፈጠራል? በዚያ ላይ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ብረት ያልበዋል። እርጥበቱ ባሩዱ ዘንድ ከደረሰ ነገ አውሬው ፊት ይከሽፍብሃል።

ስለዚህ አታሳድረው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጎረሰውን በትክክል እወቅ። የመጠቅጠቂያ ዘንጉን ቀስ አድርገህ ወደ ውስጥ አስገባና አፈሙዙ ጋ በሚደርስበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ አውጥተህ በውጭ በኩል ከብረቱ ጎን አጋድመው፤ ምልክቱ አፈሙዙ ላይ ሆኖ የዘንጉ ጫፍ ከቆቡ መሰኪያ ምን ያህል እንደራቀ ተመልከት። ልዩነቱ የባሩዱና የእርሳሱ ርዝመት ነው። ከጠበቅከው በላይ ከሆነ ወይ ሁለት ጊዜ አጉርሰሃል፣ ወይ እርሳሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። እንደዚያ ያለ ጠመንጃ በምንም ምክንያት አይተኮስም፤ ብረቱ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ስታደርግ ፊትህም ሆነ መዳፍህ ከአፈሙዙ ፊት አይሁን፤ ዘንጉን ከጎን በጣቶችህ ያዝ።

የታሪክ ተማሪ

ብረት ሠሪ ስለ ሁለት ጊዜ ማጉረስ ያሉት ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1863 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ከሜዳው ከተለቀሙት ወደ 27 ሺህ ከሚጠጉ ጠመንጃዎች ውስጥ 24 ሺህ ያህሉ እንደጎረሱ ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ባሩድና እርሳስ ከአንድ ጊዜ በላይ ተደራርቦባቸው ነበር። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ከውጭ ሲታይ የጎረሰውም ያልጎረሰውም አንድ ነው። የሚያወራው ዘንጉ ብቻ ነው።

አንጋፋው

ልጄ፣ ቀላሉ መንገድ እዚያው አደኑ ቦታ ላይ፣ የተፈቀደው ሰዓት ሳያልፍ፣ ለስላሳ አፈር ባለው ቁልቁለት ወይም ጉብታ ላይ ተኩሶ መጨረስ ነበር። ድንጋይ ላይ፣ ውኃ ላይ፣ ሰማይ ላይ አይተኮስም፤ እርሳሱ ነጥሮ የት እንደሚያርፍ አታውቅም። ከከሸፈብህም አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆይ። ዘግይቶ የሚተኮስ አለ።

አሁን መተኮስ ካልቻልክ ብሎኑን መፍራትህ ልክ ነው፤ ደረቅ ባሩድ እያለ አይሳብም። መጀመሪያ ባሩዱን አርስ። ውኃውን በአፈሙዙ ብታፈስ ጨርቁ ያግደዋል፤ ስለዚህ የቆቡን መሰኪያ በመፍቻ ፍታና በዚያ ቀዳዳ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ውኃ ግፋበት። ጥቂት ቆይተህ ድገመው። ከባሩድ 75 በመቶ ያህሉ ፖታስየም ናይትሬት ነው፤ እሱ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ጥቁር ውኃ በቀዳዳው መልሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ደርሶለታል ማለት ነው።

ከዚያ ብሎኑን ከብረት ዘንግ ጋር እሰር። ከጠመንጃው ሥር የሚሰካው የእንጨት ዘንግ ለዚህ አይሆንም፤ ይሰበራል ወይም ጫፉ ነቅሎ ውስጥ ይቀራል። ብሎኑን አሽከርክረህ እርሳሱ ውስጥ ስታስገባው የዘንጉን እጀታ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰረውና ጠመንጃውን ከሰደፉ በኩል ሆነህ ወደ ኋላ ሳበው። እንዲህ ሲሆን ሰውነትህ ከአፈሙዙ በስተኋላ ነው። ብዙ ሰው ጠመንጃውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ ዘንጉን ወደ ፊቱ ሲስብ አይቻለሁ፤ ባሩዱ የረጠበ ቢሆን እንኳ ይህ ልማድ አይደገፍም።

ብረት ሠሪ

በዚህ ላይ ልጨምር። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እርሳሱን ገፍቶ የሚያስወጣ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በቆቡ መሰኪያ ላይ ይገጠማል። ለእኔ ከብሎኑ ይሻላል፤ መጎተት የለበትም፣ ብረቱን አይቧጭርም። ግን እርሳሱ በኃይል ስለሚወጣ አፈሙዙን ወደ ለስላሳ አፈር ማዞር ግድ ነው፤ ባሩዱም ስለሚበተን በአቅራቢያው ሲጋራ ወይም ምድጃ መኖር የለበትም። እርሳሱ ግማሽ መንገድ ላይ ቢቆምብህ በሌላ ጋዝ ድገመው። እንዳይተኮስ።

ጫካ ወዳድ

እሺ፣ የሕጉን ከእውነታው ጋር አደባልቄው ነበር ማለት ነው። የእኔ ጠመንጃ ግን ዘመናዊ ነው፤ ከኋላ የሚፈታ መድፈኛ አለው። ያም ውኃ ያስፈልገዋል?

አንጋፋው

የእርስዎ ይቀላል። ማቀጣጠያውን ያውጡ፣ መድፈኛውን ይፍቱ፣ ባሩዱን ወደ ዕቃ ይገልብጡ፤ እርሳሱን ከኋላ በዘንግ ወደ አፈሙዙ ይግፉት። በፕላስቲክ ሽፋን የተቀመጠ ወይም መዳብ የለበሰ ጥይት በብሎን አይወጋም፤ የእርስዎ ዓይነት መድፈኛ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መድፈኛው ዝጎ እምቢ ካለ ግን ጉልበት አይጠቀሙ፣ ሙቀትም አይሞክሩ። ባሩዱ አሁንም ውስጥ ነው።

የሴት ልጅ ጠመንጃ

የባልጩቱስ? እኔ የምይዘው በባልጩት የሚተኮስ ነው።

ብረት ሠሪ

እህቴ፣ እዚያ ቆብ የለም፤ መጀመሪያ የሚጠረገው ከእሳት ቀዳዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ያለው ባሩድ ነው። ሳህኗን ከፍተሽ በብሩሽ አጽጂ፣ መቺው የሚመታውን ብረት በቆዳ ሸፍኚ፣ የእሳት ቀዳዳውንም በወፍ ላባ ወይም በቀጭን እንጨት ድፈኚ። ከዚያ የቀረው አንጋፋው እንዳሉት ነው፤ ውኃው፣ ድፋኑ ተነስቶ፣ በእሳት ቀዳዳው ይገባል፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አዲስ አዳኝ

ጋሼ አንጋፋው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሰኪያውን ፈትቼ ውኃ አስገባሁ፣ እርሳሱም ብዙ ሳያስቸግር ወጣ። ዘንጉ አሁን እስከ ታች ይደርሳል። የወጣውን እርጥብ ባሩድ ምን ላድርገው? ብረቱንስ ዛሬውኑ ማጠብ አለብኝ?

አንጋፋው

ባሩዱን ብዙ ውኃ ጨምርበትና ሙሉ ለሙሉ በጥብጠው፤ አድርቀህ መልሰህ እንዳትጠቀም፣ እሳት ውስጥም እንዳትጨምር። ብረቱን አዎ፣ ዛሬውኑ። ባሩዱ ባይተኮስም የረጠበ ጨው ብረት ይበላል። በሙቅ የሳሙና ውኃ እጠበው፣ በጨርቅ ደጋግመህ አድርቀው፣ ከዚያ በስሱ ዘይት ቀባው። ነገ ከማጉረስህ በፊት ዘይቱን ጠርገህ አውጣ። ባዶውን ጠመንጃ አንድ ቆብ አድርገህበት ወደ መሬት፣ ቅጠል አጠገብ ተኩሰው፤ ቅጠሉ ከተነቃነቀ መንገዱ ክፍት ነው። ካልተነቃነቀ መሰኪያውን እንደገና ፈትተህ ጥረገው።