«ፒጋ»ን በአማርኛ ምን እንበላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የባለቤቴን የስዊድን የዘር ሐረግ ለልጆቼ በአማርኛ እየጻፍኩላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በተጻፈ የደብር መዝገብ ላይ ሦስት ቃላት ያዙኝ፦ «ሁስፎርሆር»፣ «ቶርፓሬ»፣ «ፒጋ» (በሰው ቤት የምታገለግል ሴት)። የመጀመሪያውን «የቤት ምርመራ» ብለው ልጄ «ፖሊስ ቤታቸው መጥቶ ነበር?» አለችኝ። ደግሞ የፒጋዋ ስም በመስመር ተሰርዟል። ምን አጥፍታ ይሆን?

— ልጅሽ እውነቷን ነው፤ «ፎርሆር» ዛሬም የፖሊስ ቃል ነው። ያኔ ግን ቄሱ ቤተሰቡን አሽከር ገረድ ሳይቀር ሰብስቦ ንባብና የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም (የሃይማኖት ማስተማሪያ መጽሐፍ) ይጠይቅ ነበር። መዝገቡንም ያስገደደው እ.ኤ.አ. የ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። «የቄስ ጥያቄ» በይው። ከስሟ ፊት ለፊት ያሉት ትንንሽ ምልክቶች የንባብ ውጤቷ ናቸው፤ እኛ «ዳዊት ደግሟል» እንደምንለው መሆኑ ነው። ስረዛው ቅጣት አይደለም፤ ወይ ሞታለች ወይ ለቃ ሄዳለች። ዳር ላይ የሌላ ደብር ስም ካለ ቀጥሎ የምትፈልጊው እዚያ ነው።

— «ቶርፓሬ» ያለጥርጥር ጭሰኛ ነው።

— ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የኛ ጭሰኛ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን በእህል ይከፍል ነበር። ቶርፓሬ ግን በባለመሬቱ ማሳ በሳምንት ይህን ያህል ቀን እየሠራ ነበር የጎጆውን ኪራይ የሚከፍል።

— የኛስ ጭሰኛ መቼ ከጉልበት ሥራ ቀረለት? ልዩነቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግርጌ ላይ ጽፈሽ ጭሰኛ ብትይው ይሻላል። ይልቅ «ባክስቱጉሲታሬ» የሚል ካጋጠመሽ ደስ ይልሻል፤ ቃል በቃል «የዳገት ጎጆ ተቀማጭ» ነው። የእኛው «ተቀማጭ» ቁልጭ ብሎ!

— ወደ ፒጋ እንመለስ። «ገረድ» ብትል ልጆቹ ስድብ ይመስላቸዋል፤ «የቤት ሠራተኛ» ደግሞ ቀጣሪ ኤጀንሲ ይሸታል። ግን «ልጃገረድ» የሚለውን ልብ በሉት፤ ገረድ ውስጡ ተቀምጣለች። የዴንማርክ አቻዋም ዛሬ «ልጃገረድ» ማለት ነው። ፒጋዋ የጎረቤት ገበሬ ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ እስክታገባ በሰው ቤት በዓመት ውል ታገለግላለች፤ ውሉ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሲያልቅ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች። ስረዛ የሚበዛባቸውም ለዚህ ነው።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። ዳሩን በማጉያ አየሁት፤ የጎረቤት ደብር ስም አለበት። «ገረድ» ብዬ እተዋታለሁ፤ ልጄ ከጠየቀችኝ «ልጃገረድ»ን አሳያታለሁ።