«ጠብቁ» እስከ መቼ? የለንደን ፍላታችን ሊዝ ጉዳይ

የፔካሟ
እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንድ ሰው ስለ ፍላት ሊዝ፣ ማለትም ፍላቱን ለተወሰነ ዓመት ስለምንይዝበት ውል፣ ሲያስረዱ «አሁን ሊዝ የሚያራዝም ገንዘቡን ውኃ በላው፤ አዲሱ ሕግ እስኪመጣ ጠብቁ» አሉ። ቤቱ ሙሉ «እውነት ነው» አለ። እኔ ቡናው አልወርድ አለኝ። ይህንኑ ምክር ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት። ሊዜ 81 ዓመት ሲቀረው ጠበቅሁ። ዛሬ 78 ነው። ከ80 ሲወርድ ማሬጅ ቫልዩ የሚሉት ይመጣል። ሊዙ በመራዘሙ ከሚገኘው የዋጋ ጭማሪ ግማሹ የፍሪሆልደሩ፣ ማለትም የሕንፃውና የመሬቱ ባለቤት፣ ነው። እባካችሁ፣ ሰውን «ጠብቁ» አትበሉ!

የቶተንሃሙ
እህቴ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከሜዳ ተነስቼ አላወራሁም። ሕጉ በሜይ 2024 ጸድቋል። ማሬጅ ቫልዩን ያስቀራል። የ90 ዓመቱን ማራዘሚያ 990 ያደርገዋል። ፍሪሆልደሮቹ ሕጉን ተቃውመው ክስ መሥርተው ነበር፤ በኦክቶበር 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሳቸውን ጣለው። ይህን እያየሁ ሰው በሺዎች ፓውንድ ይክፈል ልበል?

የፔካሟ
ጋሼ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም፤ ይቅርታ። ግን መጽደቅ ሌላ፣ ሥራ ላይ መዋል ሌላ ነው። ፍላት ገዝቶ 2 ዓመት የመቆየት ግዴታው በጃንዋሪ 2025 ቀርቷል፤ እሱ ጥሩ። ማሬጅ ቫልዩው ግን ዛሬም አለ። «ጠብቁ» ሲሉ ቀን አልነገሩንም።

የካምደን ልጅ
ጋሼን ለቀቅ አድርጊያቸው። አገሩን ሳናውቅ ቅጽ የሞሉልን፣ ከሶሊሲተር፣ ከሕግ ባለሙያ፣ ያገናኙን እሳቸው ናቸው።

የፔካሟ
ውለታቸው እኔም ላይ አለ። ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ። እሳቸው ካሉ ሰው ይሰማል።

ሰላም ከሃክኒ
ከካውንስል፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ የተገዛ ፍላት ያላችሁ ወረቀታችሁን እዩ። የእኛ 125 ዓመት ይላል። እኛ ከገዛንበት ቀን የሚቆጠር መስሎን ነበር። ለካ ቆጠራው የጀመረው በሕንፃው የመጀመሪያው ፍላት ከተሸጠበት ከ1985 ነው። በ2030 80 ይገባል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሌሊቱን አልተኛም።

የሽሮ ሜዳ ልጅ
ከሊዝ ሸሽተን ሊዝ ውስጥ ገባን። አገር ቤት በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መኖሪያ 99 ዓመት ነው። እኔ አዲስ አበባ ብሠራ ይሻለኝ ነበር።

ሰላም ከሃክኒ
አታገናኘው ወንድሜ። እዚያ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እዚህ አንድ ኩባንያ ሕንፃውን ይገዛና የእኔን ዓመት መጉደል ቁጭ ብሎ ይቆጥራል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ
መንግሥትስ አይቆጥርም? የአባቴን ቤት በልማት ስም ያፈረሰው ማን ሆነና!

የካምደን ልጅ
ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ሰው ወዶ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? ሶሊሲተሩን እኔ ልክፈል፣ ዋጋ ገማቹን ሰርቬየር እኔ ልክፈል፣ የፍሪሆልደሩንም ጠበቃ እኔ ልክፈል። ለሕንፃው ጥገናና አገልግሎት የሚከፈለው ሰርቪስ ቻርጅ በዓመት በዓመት ይጨምራል። ማታ ኡበር እየነዳሁ ነው የምከፍለው። «ጠብቁ» የሚለው ቃል ቢያንስ እንቅልፍ ይሰጠኛል።

የፔካሟ
ወንድሜ፣ ይገባኛል። እኔም ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ግን ያ እንቅልፍ ነው እኔን ያስከፈለኝ። ከ80 በላይ ያለህ ከሆነ ኖቲሱን፣ የማራዘሚያ ጥያቄውን ደብዳቤ፣ ቀድመህ ስጥ። ዋጋው የሚታሰበው ኖቲሱ በተሰጠበት ቀን ነው፤ ድርድሩ አንድ ዓመት ቢፈጅም ማሬጅ ቫልዩ አይገባበትም። ደግሞ ፍሪሆልደሩ «ከሕጉ ሂደት ውጪ በግል ስምምነት በርካሽ ላራዝምልህ» ቢልህ ዝም ብለህ አትፈርም። አሁን በሚሠራው ሕግ መንገድ 90 ዓመት ይጨመርልሃል፣ ግራውንድ ሬንቱም፣ ለፍሪሆልደሩ የሚከፈለው የመሬት ኪራይ፣ የአንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ይሆናል፤ ቃሉ እንደዚያ ነው፣ ዜሮ ማለት ነው። በግል ስምምነት ግን ግራውንድ ሬንቱ በቀረው ዘመንህ ሊቀጥል ይችላል።

የቶተንሃሙ
እኔ ያልኩት ብዙ ዓመት የቀረው ሰው አይቸኩል ነው።

የፔካሟ
እሱን እሁድ አላሉም ጋሼ። «ጠብቁ» ነው ያሉት፤ ለሁሉም። እዚያ ሊዛቸው 79 ዓመት የቀረው እናት ተቀምጠው ነበር።

የቶተንሃሙ
የእሳቸውማ ከ80 ወርዷል። ማሬጅ ቫልዩ የሚቀር ከሆነ ከማንም በላይ የሚጠቀሙት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ዛሬ ክፈሉ ልበላቸው?

የፔካሟ
ሊሸጡት ቢፈልጉስ? ባንኩ ሊዙ አጥሯል ብሎ ለገዢው ሞርጌጅ ቢከለክልስ? ሳይጠይቋቸው እንዴት ይፈርዱላቸዋል?

ሰላም ከሃክኒ
ጋሼ፣ የእርስዎስ ስንት ቀረው?

የቶተንሃሙ
83። እጠብቃለሁ።

የፔካሟ
ከወረቀቱ ነው ወይስ በግምት?

የቶተንሃሙ
ስገዛ የነገሩኝን ነው የምቆጥረው። እሁድ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺም ያንቺን ይዘሽ ነይ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።